እርማት፦ ጊዜያዊ የፍሳሽ ገደብ ማለት ገደብ የለም ማለት አይደለም

«ጃፓን ውስጥ ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ፍሳሹን ሳያጣራ ወንዝ ውስጥ ይለቃል» የሚለው አስተያየት በብዛት እየተጋራ ነው። ጊዜያዊ ገደብ መኖሩ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2001 ለቦሮን፣ ለፍሎሪንና ለናይትሮጅን ውህዶች አገር አቀፍ ገደብ ሲወጣ፣ ወዲያው ማሟላት ላልቻሉ 40 የሥራ ዘርፎች ለሦስት ዓመት የላላ ቁጥር ተሰጣቸው። የላላ እንጂ የተሰረዘ አይደለም። ለምሳሌ የቦሮን መደበኛ ገደብ ወደ ወንዝ ለሚለቀቅ ፍሳሽ በሊትር 10 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለፍልውሃ ማረፊያዎች በመጀመሪያ የተፈቀደው ጊዜያዊ ቁጥር 500 ነበር። እፎይታው የሚሠራው ለተጠቀሰው ዘርፍና ንጥረ ነገር ብቻ ነው። ካድሚየም፣ ሳያናይድና ሌሎቹ ገደቦች እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ የአካባቢው አስተዳደርም የጠበቀ ደንብ ማውጣት ይችላል።

ለማረጋገጥ የደንቡን ሠንጠረዥ ከፍታችሁ ዘርፉን፣ ንጥረ ነገሩን፣ ፍሳሹ ወደ ባሕር ወይስ ወደ ሌላ ውሃ እንደሚገባና የማብቂያውን ቀን ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ናይትሮጅን ላይ ነው፦ የአሞኒያ ናይትሮጅን በ0.4 ተባዝቶ ነው ከናይትራይትና ከናይትሬት ናይትሮጅን ጋር የሚደመረው። የአሞኒያ ናይትሮጅኑ በሊትር 150 ሚሊግራም፣ የናይትራይትና የናይትሬቱ በአንድ ላይ 30 ከሆኑ ውጤቱ 90 እንጂ 180 አይደለም፤ መደበኛው ገደብ ደግሞ 100 ነው።

ወሬውን አምኖ ማጣሪያውን የሚያቆም ድርጅት ፍሳሹ ከገደቡ ካለፈ፣ ጥሰቱ እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም እስከ 500,000 የን መቀጮ ያስከትላል። ጊዜያዊው ቁጥር ካልታደሰ ደግሞ ቀኑ እንዳለፈ መደበኛው ገደብ ይጸናበታል።