ሁለቱ ሃናዎች እና የእኛ ሀሌታው “ሀ”

ሐና ብለህ ብትጣራ እኛ ሰፈር አንዲት ሴት ዞር ትላለች። በኮሪያኛ ግን ሃና ማለት “አንድ” ማለት ነው። በዚህች አጭር ቃል ምክንያት ሁለት የገንዘብ ድርጅቶች አሜሪካ ውስጥ ወደ 8 ዓመት ገደማ ተካሰዋል።

የኮሪያው ሃና ባንክ ይህን ስም የያዘው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በ1994 ደግሞ አሜሪካ ለሚኖሩ ኮሪያውያን “ሃና የባሕር ማዶ ኮሪያውያን ክበብ” በሚል ስም የገንዘብ አገልግሎት ማስተዋወቅ ጀመረ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃና ፋይናንሺያል የሚባል ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ። በ1995 በስሙ መሥራት ጀመረ፤ በ1996 የንግድ ምልክቱን አስመዘገበ። ባንኩ በ2002 አሜሪካ ገብቶ ሃና ባንክ ብሎ በሩን ሲከፍት ነገሩ ከረረ። ሃና ፋይናንሺያል በ2007 ክስ መሠረተ።

በአሜሪካ ሕግ የንግድ ስም ቀድሞ ለተጠቀመበት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የ1994ቱ “ክበብ” እና የ2002ቱ “ባንክ” በደንበኛው ዓይን አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚል ሆነ። አንድ ከሆኑ ባንኩ ስሙን ከ1994 ጀምሮ እንደተጠቀመበት ይቆጠርለትና ቀዳሚ ይሆናል። ጁሪው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች ተመርጦ ፍሬ ነገሩን የሚወስነው ቡድን፣ ለባንኩ ፈረደ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር 2015 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ይህን የሚመዝነው ጁሪው ነው አሉ። ምክንያቱም መለኪያው ተራው ደንበኛ የሚረዳው ነገር ነው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሶቶማዮር ናቸው።

እኔን የያዘኝ ግን የ1994ቱ ማስታወቂያ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የክበቡ ስም ነበር። በኮሪያ ፊደል ግን “ሃና ባንክ” የሚል ነበረበት። አገሩን ናፍቆ ገንዘብ የሚልክ ኮሪያዊ መጀመሪያ የሚያነበው የትኛውን ይመስላችኋል? የራሱን ፊደል ነዋ!

ወደ እኛ እንምጣ። የእኛ ሕግ መንገዱ ሌላ ነው። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። አዋጁ ሰው የሚያሳስት ተመሳሳይ ምልክት እንዳይመዘገብም ይከለክላል። ጥሩ ነው። ግን ተመሳሳይነት በምን ይለካል? በፊደላችን “አባይ” እና “ዓባይ” ወረቀት ላይ ይለያያሉ። ጆሮ ላይ አንድ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በላቲን ፊደል ስትጽፈውማ አንዱን ስም በሦስት በአራት ዓይነት ታገኘዋለህ። ስልክ ላይ የተነገራትን የባንክ ስም ይዛ ቅርንጫፍ የምትፈልግ እናት ፊደል አትቆጥርም። የሰማችውን ነው የምትፈልገው። ልብስ ወይም ውሃ ብትሳሳት ትመልሳለች፤ የላከችው ብር የተሳሳተ ቦታ ከገባ ግን ስንት ቀን እንደምትመላለስ አስቡት።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ ያሳስበኛል። አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የሚመጡት ስማቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። እዚህ ያሉት የተጠሩት ደግሞ አብዛኛው ሰው በሚያውቃቸው ቃላት ነው፤ በወንዝ፣ በተራራ፣ በአንድነት፣ በአገር ስም። እንዲህ ያለው ቃል የአንድ ድርጅት ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ግጭት መምጣቱ አይቀርም።

እኛ ጁሪ የለንም፤ የሚወስነው ዳኛ ነው። ዳኛው ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል ከፊደል ቢያስተያይ አልስማማም። ጮክ ብሎ ያስነብባቸው። የሁለቱንም ድርጅቶች ደንበኞች ጠርቶ፣ ይህን ስም ስትሰሙ የትኛው ቅርንጫፍ ትሄዳላችሁ ብሎ ይጠይቅ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም የምስክር ወረቀት ከመስጠቱ በፊት ይህንኑ ቢያደርግ ብዙው ክስ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይቀራል።