ይድረስ ለክቡር የበረራ ሰዓት አስሊ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከወገቤና ካበጠው እግሬ በቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ከቶኪዮ ሳኦ ፓውሎ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ በድረ ገጽዎ ብጠይቅዎ፣ ሳያቅማሙ «18,500 ኪሎ ሜትር፣ 20 ሰዓት ከ33 ደቂቃ» አሉኝ። ልቤን የወሰደችው 33ቷ ደቂቃ ናት። «ሃያ ሰዓት ገደማ» የሚል ሰው ይገምታል፤ ደቂቃ ቆጥሮ የሚሰጥ ግን በእርግጥም ሄዶ ያየ ነው ብዬ አመንኩ። ሊቀበለኝ ለሚመጣው ወዳጄም ሰዓቱን ከነደቂቃው ነገርኩት።

ወዳጄ ያን ቀን ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ለካ በሁለቱ ከተሞች መካከል መንገደኛን በቀጥታ የሚያደርስ በረራ የለም! በዓለም ረጅሙ የሚባለው መደበኛ በረራ፣ የኒው ዮርክና የሲንጋፖሩ፣ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እርስዎ ግን ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ጨምረው፣ ነዳጁ ከየት እንደሚመጣ እንኳ ሳይነግሩኝ አሳፈሩኝ። በሁለቱም ትርጉሙ።

የደቂቃዋን ምስጢር የደረስኩበት በትራንዚት አዳራሽ ወንበር ላይ ስገላበጥ ነው። 18,500ን ለ900 አካፍለዋል፤ በቃ። በሉሉ ላይ ክር ወጥረው አጭሩን መስመር ለኩ (ልኬቱስ ትክክል ነው፣ አልክድዎም)፣ ከዚያ አውሮፕላኑን ገና መሬት ላይ ሳለ ጀምሮ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አስከነፉት። ወደ ማኮብኮቢያው የሚያዘግመውም፣ ለማረፍ ተራ ይዞ ሰማይ ላይ የሚዞረውም ለእርስዎ ያው ነው። እኔም ቀጣዩን በረራ ስጠብቅ ሰባት ሰዓት ሙሉ በዚያው ፍጥነት ተቀምጫለሁ።

ሰማዩም ባለቤት የሌለው ይመስልዎታል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 የአየር ክልሏን ለአውሮፓ አየር መንገዶች ስትዘጋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው የሄልሲንኪና የቶኪዮ በረራ ወደ 13 ሰዓት ተንዛዛ። የእርስዎ ክር ግን ንቅንቅ አላለችም።

ነፋስ የሚባል ነገርስ ሰምተው ያውቃሉ? ከላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የአየር ጅረት ከኒው ዮርክ ለንደን የሚሄደውን ከኋላው ይገፋዋል፣ ተመላሹን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ በአዘቦቱ ቀን እንኳ የአንድ ሰዓት ያህል ልዩነት ያመጣል። በፌብሩዋሪ 2020 ይኸው ነፋስ የገፋው አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ተነሥቶ 4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ብቻ ፈጅቶበት ለንደን ገብቷል። ደቂቃ የሚቆጠረው እንዲህ ነው፤ ከደረሱ በኋላ።

የመመለሻዬንም ትናንት ጠይቄዎት ነበር። ዓይንዎን በጨው ታጥበው 20 ሰዓት ከ33 ደቂቃ አሉኝ። ለሚቀበለኝ ሰው «ስደርስ እደውላለሁ» ብየዋለሁ።

አክባሪዎ፣
መካከለኛው ወንበር ላይ የተጣበቀው መንገደኛ