ከራሴ በ16 ሜትር ርቀት ላይ

የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። በሰፈራችን ያረፈ ሰው ሁሉ፣ ነፍስ ይማር፣ ስሙ የተነበበው በእኔ ድምፅ ነው። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «የተከበራችሁ አባላት» ስል ድምፄ ከደረቴ እንደ ከበሮ እየተንከባለለ ሲወጣ ይሰማኛል። ሬዲዮ ጣቢያ የሚቀጥረኝ ጠፍቶ እንጂ ሐዋሳ ላይ ዕድር ሳነብ የምቀር ሰው አልነበርኩም። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ የማምነው ይህንን ነው።

የእህቴ ልጅ ልታገባ ነው። ቤተሰቡ ስለ ድግሱ ሲመክር አንዱ ወጣት፣ «ጋሼ ለሙሽሪት ዘፈን ቢያስቀርጹላትስ? ሙሽሮቹ ሲገቡ እንከፍተዋለን» አለ። ባለቤቴን ሳል ያዛት። ያንን ሳል ያኔውኑ ብተረጉመው ኖሮ ገንዘቤ በተረፈ።

ስቱዲዮ የሚባለው ፒያሳ አካባቢ ጓሮ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል። መስኮቱም በፍራሽ ተደፍኗል። ቬንትሌተር አለ፤ ነገር ግን ማይኩ ድምፁን ይይዘዋል ተብሎ ቀረጻ ሲጀመር ይጠፋል። የሐዋሳን የመጋቢት ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። እዚያ ቤት ዘፋኝ የሚዘፍነው እንደ ድፎ ዳቦ እየበሰለ ነው።

ባለስቱዲዮው ከትልቁ ልጄ አይበልጥም። ሙዚቃውን በትዝታ ቅኝት በኪቦርድ ሠርቶ ጠብቆኛል። እኛ «ክላሲካል» የምንለውን ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ እሱ «ቢት» ይለዋል። ሄድፎኑን ራሴ ላይ ጭኖ «ይጀምሩ ጋሼ» አለኝ።

ጀመርኩ። አንድ ቃል ባልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ከኋላዬ ይደግመዋል። ዝም አልኩ፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም ዝም አለ። ላስቀድመው ብዬ ፈጠን አልኩ፤ ተከተለኝ። ልጠብቀው ብዬ ዘግየት ስል ደግሞ ቢቱ ጥሎን ሄደ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ሌላ ሰው አለ» አልኩት።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። ላግ እያደረገ ነው፤ ድምፅዎ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፄን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል። ታዲያ እያንዳንዷን ልኬት እንደመጣች አያሳልፋትም፤ 1,024 እስኪሞሉ ያጠራቅማል። ያው የእኛ ታክሲ ማለት ነው፤ ሳይሞላ ንቅንቅ የለም። መግቢያው ላይ 23 ሚሊ ሰከንድ ይቆማል፤ መውጫው ላይም ሌላ 23። ቢያንስ 46 መሆኑ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚሄድ ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁና በስልኬ ብመታው 16 ሜትር ገደማ መጣ። ጎረቤት ግቢ ከቆመ እኔ ጋር ነበር ለካ የምቀባበለው።

ልጁ ታክሲውን በባጃጅ ቀየረው፤ 1,024ቱን ወደ 128 አወረደ ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያረጀ ስለሆነ ፍጥነቱን አልቻለውም፤ ሄድፎኑ ውስጥ ተልባ የሚቆላ ይመስል ይንጣጣ ጀመር። በመጨረሻ ሳውንድ ካርዱ ላይ፣ ማይኩና ሄድፎኑ የሚሰኩበት ሣጥን ላይ ማለቴ ነው፣ ያለችውን አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ድምፄ በኮምፒውተሩ መዞሩን ትቶ በቀጥታ ወደ ጆሮዬ መጣ። (ይህች ቁልፍ መጀመሪያውኑ የት ነበረች?)

ቀጥሎ «ጋሼ እየጮሁ ነው» ብሎ ሙዚቃውን ቀነሰብኝ። ጆሮው በጩኸት የተሞላ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኤትየን ሎምባር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 እ.ኤ.አ. ይህንን አሳውቆ ነገሩ በስሙ ተጠርቶለታል። የእኛ ድንኳን ውስጥ ስፒከር ሥር ቆሞ «ወጥ ጨምሩ!» የሚል አስተናጋጅ ግን በስሙ ምንም አልተጠራለትም። ልጁ አንዱን ጆሮዬን ከሄድፎኑ አስወጣልኝ፤ የተረፈው ጎን ሙዚቃውን ወደ ማይኩ እንዳያፈስ ራስ ቅሌ ላይ ለጠፈው። እውነትም ዜማው ተስተካከለልኝ።

ከዚያ የተቀዳውን ከፈተው።

ቀጭን፣ በአፍንጫው የሚያወራ፣ ብድር ሊጠይቅ የመጣ የሚመስል ሰውዬ ለእህቴ ልጅ ይዘፍናል።

«ይሄ ማነው?» አልኩ፤ መልሱን ስለማውቀው ቀስ ብዬ።

«ሁሉም ሰው እንደዚህ ይላል ጋሼ» ብሎ አጽናናኝ። ሰው የራሱን ድምፅ የሚሰማው በሁለት መንገድ ነው አሉ፤ በአየርና በራስ ቅል አጥንት። አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ያመጣል። ማይክ ደግሞ አጥንት የለውም። ከበሮው ለካ ሲመታ የኖረው ለእኔ ብቻ፣ በራሴ ቅል ውስጥ ነው። ስንቱን መርዶ ነው በዚህ ድምፅ ያወጅኩት? ስንቱንስ ባለ ውዝፍ መዋጮ «ለመጨረሻ ጊዜ አስጠነቅቃለሁ» ያልኩት? አይከፍሉም ነበር፤ አሁን ገባኝ።

«ኢኮ ጨምርበት» አልኩት። እኛ አገር ኢኮ የማያድነው በሽታ የለም። ጨመረ። ብድር ጠያቂው ሰውዬ ዋሻ ውስጥ ገባ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ከፈትኩላት። ሽንኩርት እየላጠች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«እውነት ይሄ የእኔ ድምፅ ነው?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ዘፈኑ አስቀያሚ ነው ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ የዕድር ስብሰባ ነበረን። ለማንበብ ስነሣ እጄን ከጆሮዬ ኋላ አድርጌ፣ መዳፌን ወደ አፌ አዙሬ፣ ሌላው የሚሰማውን ልስማ ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው ስም ላይ ስደርስ ሊቀመንበሩ አቋረጡኝ።

«ጆሮዎን አመመዎት እንዴ?»

ምን ልበል? «ትንሽ» አልኩ።

ማታ በሩ ተንኳኳ። ሁለት የዕድራችን እናቶች በትንሽ ጠርሙስ ዘይት ውስጥ የተፈላ ነጭ ሽንኩርት ይዘው መጥተዋል። አንደኛዋ ጭንቅላቴን ወደ ጎን አዘንብለው «ዝም በልና ተኛ» አሉኝ።

ባለቤቴን ሳል ያዛት።