በእግር ያልተሄደ የእግር ጉዞ

የአዲስ አበባ ምእመን አውቶቡስ ተከራይቶ፣ እየዘመረ ሄዶ፣ ገዳም ተሳልሞና ጠበል ጠጥቶ መመለስን ከጥንት ያውቅበታል። በቅርቡ ግን ሐኪሞች ደም ግፊትና ስኳር ላለበት ሁሉ «ይራመዱ» ማለት ስላበዙ፣ መሳለምና ማላብ በአንድ ቲሸርት ላይ ታትመው መንፈሳዊ የእግር ጉዞ ማኅበር የሚባል ነገር ተወለደ። የዚህ ዓይነቱ ማኅበር አባል ከሆንሁ ወዲህ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ በእግር ጉዞ ዝግጅት ውስጥ እግር ከሁሉም በኋላ የሚታሰብ መሆኑን ነው።

በጾመ ሐዋርያት፣ ሰኔ ላይ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ትልቋ ወደሆነችው ወደ ቱሉ ጉዶ እንሂድ ሲባል፣ ኮሚቴው በመጀመሪያ የተወያየው ስለ ሱሪ ነበር። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ዐለታማ ኮረብታ በቀሚስ አይወጣም የሚሉትና በሱሪ ደጀ ሰላም አይረገጥም የሚሉት ወገኖች አንድ ሙሉ ከሰዓት ከተከራከሩ በኋላ፣ እኅቶች ሱሪውን ከውስጥ፣ ቀሚሱን ከላይ፣ ነጠላውን ከሁሉም በላይ እንዲለብሱ ተወሰነ። ውሳኔውን ያሳለፉት ሁሉ ወንዶች ስለነበሩ የሙቀቱን ነገር ያነሣ አልነበረም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊነሣ የተቀጠረው አውቶቡስ፣ የአንዲት እናታችን ድፎ ዳቦ ገና አልበሰለም ነበርና፣ 3 ሰዓት ላይ ተነሣ። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተቀምጠን እያጨበጨብን ከሐይቁ ዳር ወዳለችው የባቱ (ዝዋይ) ከተማ ስንደርስ፣ አንዲት እኅታችን የእጅ ሰዓቷ 6,000 እርምጃ እንደመዘገበላት አይታ እልል አለች። ሰዓቱ የቆጠረው ጭብጨባውን መሆኑን ሁላችንም ብናውቅም ሊያርማት የደፈረ አልነበረም፤ እንዲያውም በመልሱ ጉዞ ቸብቸቦው ይበልጥ ደምቋል።

ከባቱ በሞተር ጀልባ ተሻገርን፤ እንደገና ተቀምጠን ማለት ነው። ሰብሳቢያችን ቅዱስ ጴጥሮስ በባሕር ላይ በእግሩ መሄዱን ጠቅሰው መስበክ ጀምረው ነበር፤ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ግን ስብከቱን አቋርጠው ከመስጠም የሚያድነው ሰደርያ የት እንዳለ ጠየቁ።

በትውፊት እንደሚነገረው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው እስከዚህች ደሴት ተሰደዋል፤ 70 ዓመት ያህልም እዚሁ ተሸሽጋ ኖራለች። ከአክሱም እስከ ዝዋይ፣ ያለ ቲሸርትና ያለ ኮሚቴ! እኛ ግን የኮረብታው ወገብ ላይ ስንደርስ ዕረፍት ታወጀ። የደሴቶቹ ነዋሪ ከሆነው ከዛይ ሕዝብ የተወለዱ አንዲት እናት ጀሪካን ውኃ አዝለው ከኋላችን መጡና «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ማርያም ታበርታችሁ» ብለውን ሽቅብ አለፉ፤ ከመካከላችን ግማሾቹ በዕድሜ ይበልጧቸው ነበር። የሆነ ሆኖ ኮረብታው ላይ ያለችውን የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን። ወጥተን የወረድንበት ጊዜ፣ ፎቶ የተነሣንበት ሲቀነስ፣ ከሱሪው ስብሰባ ያነሰ ነው።

እውነተኛው ትግል የጀመረው ባቱ ተመልሰን የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ሲሸተን ነበር። አንደኛው ወገን ሐዋርያት ራሳቸው ዓሣ አጥማጆች ስለነበሩ በእነሱ ጾም ዓሣ መከልከል የሙያ አድልዎ ነው አለ። ሌላው፣ መረባቸውን ትተው መከተላቸውስ ሲል መለሰ። ያኔ አንድ ወንድማችን ጌታ ከተነሣ በኋላ ሐዋርያት 153 ትልልቅ ዓሦች ማጥመዳቸውንና የተጠበሰ ዓሣ መብላታቸውን ከዮሐንስ ወንጌል ጠቅሶ ድል ሊያደርግ ሲል፣ ያ ጊዜ በዓለ ኀምሳ እንደነበረና በዓለ ኀምሳ ደግሞ እንደማይጾም ተነገረው። እሱም ቢሆን እጅ አልሰጠም፤ የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት ይምጣ አለ። አስተናጋጇ ክርክሩ እስኪያልቅ በትዕግሥት ቆማ ስትጠብቅ ቆየችና፣ ዓሣ እኮ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አልቋል አለችን። ያን ጊዜ ባለ 153ቱ ወንድማችን ጾም መሆኑን አስታውሶን በየዓይነቱ አዘዘ።