ሆንግ ኮንግን ጀርባ የሰጧት

እኔ ሰው ማመስገን አይከብደኝም። ዛሬ ተራው የእነዚያ ጥንዶች ነው፤ አገር ለማየት ውቅያኖስ ተሻግረው፣ አገሩን ሳያዩ በሰላም የሚመለሱት። ቀላል ችሎታ እንዳይመስላችሁ። ሆንግ ኮንግ መሃል ቆሞ ሆንግ ኮንግን አለማየት ጽናት ይጠይቃል። ሰባት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ተጠጋግቶ ይኖርባታል። ወደቡ ግራና ቀኙ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ነው፤ ከሕንፃው ጀርባ ደግሞ ተራራ። የትም ብትዞር ዓይንህን የሚይዝ ነገር አይጠፋም። እነሱ ግን መላ አላቸው። ለሁሉም ጀርባቸውን ይሰጡታል።

ከሜሪላንድ የመጡ ባልና ሚስት ወዳጆቼ በዚህ ሙያ ሲራቀቁ ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ዋልኩ። የእኔ ድርሻ ጃኬት፣ ፌስታልና ፓወር ባንክ መያዝ ነበር።

ጠዋት ከወደቡ አንዱ ዳር፣ ከጺም ሻ ጹይ፣ ስታር ፌሪ ተሳፈርን። ይህ የጀልባ መስመር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደቡን ሲያቋርጥ የኖረ ነው። ማዶ ለመድረስ አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የእንጨት ወንበሮቹ መደገፊያቸው ወዲህና ወዲያ ይገለበጣል። ጀልባዋ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄድ ተሳፋሪው ፊት ለፊቱን እያየ እንዲጓዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ወዳጄ ይህን ወዲያው ተረዳ። መደገፊያውን ገለበጠና ሁለቱም ፊታቸውን ወደመጡበት አዙረው ተቀመጡ። ሕንፃዎቹ ከትከሻቸው በላይ ፎቶው ውስጥ መግባት አለባቸዋ!

«ማሬ፣ ቀና በል እስቲ። አገጭህ ሁለት ሆኗል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሕንፃውን ሸፈንከው። እንደገና!»

እንደገና ተነሱ። ደግሞ እንደገና። ጀልባዋ ልትቆም ስትጠጋ ሰማያዊ የለበሰ መርከበኛ ወፍራም ገመድ ወረወረ። መቆሚያው ላይ የነበረው ባልደረባው በረጅም መንጠቆ ቀለብ አደረገና ብረቱ ላይ ጠመጠማት። ሁለቱም ወደ እጃቸው እንኳ አላዩም። እኔ አፌን ከፍቼ ሳይ «ወንድሜ፣ ካሜራው ውስጥ ገባህብን» ተባልኩ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

በነገራችን ላይ፣ በፈረንጆቹ 1966 የዚችው ጀልባ የአንደኛ ማዕረግ ዋጋ በ5 ሳንቲም ሊጨምር ነው ተብሎ ከተማዋ በረብሻ ታምሳ ነበር። የያኔዎቹ ሰዎች ጀልባዋን አብዝተው አይተዋታል ማለት ነው። ጀርባ ቢሰጧት ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ!

ከዚያ ወደ ተራራው። ፒክ ትራም ከ1888 ጀምሮ በብረት ገመድ እየተጎተተ ዳገቱን ይወጣል። በጣም ከማዘንበሉ የተነሳ በመስኮት የሚታዩት ሕንፃዎች ሊወድቁ የደረሱ ይመስላሉ አሉ። «አሉ» የምለው እኔም በዚያ ሰዓት የባልየውን ፓወር ባንክ እሰካ ስለነበር ነው። ሚስትየዋ የጀልባዋን ፎቶ ፊልተር ትመርጣለች። ጫፍ ስንደርስ የተራራውን ፎቶ አነሱ፤ ስንወርድ የተራራውን ፊልተር መረጡ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ወደኋላ እየቀሩ ቀኑን ሙሉ አለመደናበራቸው ይገርማል።

ኳሪ ቤይ የሚባለው ሰፈር ግን ሙያው ጣራ የነካበት ነው። አምስት ያረጁ የመኖሪያ ሕንፃዎች ተጣብቀው እንደ ግድግዳ ዙሪያውን የቆሙበት ግቢ አለ። ቀና ስትል መስኮት በመስኮት ላይ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የኤሲ ሳጥን፣ ከላይ ቁራጭ ሰማይ። ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ነዋሪዎቹ በፎቶ አንሺ መከራቸውን ቢያዩ ጊዜ የግል ይዞታ ነው፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ብለው ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ወዳጆቼ ሕግ አክባሪ ናቸው። ማስታወቂያውን ቆመው አነበቡት። ከዚያ አጠገቡ ተነሱ።

ጎመን በፌስታል የያዙ አንዲት አሮጊት ፎቶው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። የገዛ ደጃቸው ነው፤ መግባት ይችሉ ነበር። ግን ብርሃኑ ያን ሰዓት አሪፍ ስለነበር ተረድተውናል ብዬ አምናለሁ።

ምሳ ዲም ሰም በላን፤ በእንፋሎት የበሰለ፣ በትንንሹ የሚቀርብ የቻይና ምግብ። በላን ማለት እንኳ ይከብዳል። ቦታ ጠባብ ስለሆነ ከማታውቀው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ትጋራለህ። ከእኛ ጋር የተቀመጡት ሽማግሌ ሳህናቸውን በትኩስ ሻይ አለቅልቀው፣ በልተው፣ ጋዜጣቸውን ገልጠው ነበር፤ የእኛ ሽሪምፕ ገና ይነሳል። የመጀመሪያው ጉርሻ ለስልኩ ነው። ክዳኑ ተከፈተ፣ እንፋሎቱ አልወጣም ተባለ፣ ተከደነ፣ እንደገና ተከፈተ። በመጨረሻ ሲቀዘቅዝ እኛም ደረሰን። ቀዝቃዛ ዲም ሰም አፍ አያቃጥልም፤ ይህም አንድ ጥቅሙ ነው።

ከሰዓት ቾይ ሁንግ ሄድን፤ ቀስተ ደመና በመሰለ ቀለም የተቀባው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር። መኪና ማቆሚያው ጣራ ላይ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። ሜዳ በመሆኑ ልጆች ኳስ ይዘው መጥተዋል፤ እስኪ አስቡት! ወዳጄ በትህትና «አንዴ ብቻ» አላቸው በእጁ። ልጆቹ ኳሱን ብብታቸው ሥር አድርገው ቆሙ። ከእኛ ኋላ ሌሎች ጥንዶች ተሰልፈው ስለነበር ልጆቹ በዚያው እንደቆሙ ተውናቸው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወደቡ ዳር የመብራት ትርኢቱ ተጀመረ። ሕንፃዎቹ በሙዚቃ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ሕዝቡ ጢም ብሏል፤ ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ አንስቷል። ከፊቴ የቆመውን ሰውዬ ስክሪን እያየሁ ትርኢቱን በጥራት ተከታተልኩ። ወዳጆቼ ደግሞ ለመብራቱም ጀርባ ሰጥተው ላይቭ ገቡ። ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ትላለች።

ከአዲስ አበባ አክስቷ የመጀመሪያዋን ኮሜንት ጻፉ፦ «ልጆቼ፣ ዱባይ እንዴት አምሮባችኋል!»

ሚስትየዋ ልብ ተጫነችላቸው።