ሱሪ ለማሳጠር ስንት ባንክ ማለፍ አለብኝ?

ባለፈው ሳምንት ሱሪ ለማሳጠር ወጣሁ። መሀል አዳማ፣ ዋናው መንገድ ላይ። ሰባት ባንክ ቆጠርኩና ተውኩት። አንዱ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ዞር ዞር ስል አይቶ «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ልብስ ሰፊ አልኩት። ሳቀ። «እዚህ ነበሩ፣ አሁን ወደ ውስጥ ገብተዋል» ብሎ ቅያሱን በአገጩ አሳየኝ።

ወደ ውስጥ ገብተዋል። ፎቶ ቤቱም፣ ሰዓት ጠጋኙም፣ ስፕሪሱን እስከ አፍ ሞልቶ የሚሰጠው ጁስ ቤትም ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ አንዳንዱ ገብቶ የቀረ ነው።

ይቺን ከተማ ያቆማት እኮ መንገደኛ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማን ይዟት ነው ያለፈው። ባቡር ሲቆም ሰው ይወርዳል፣ የወረደ ሰው ደግሞ ይርበዋል፣ ይመሽበታል፣ ቁልፉ ይበጠስበታል። ሻይ ቤትና አልጋ ቤት፣ ልብስ ሰፊና ፀጉር አስተካካይ እንዲህ እየተከተለ መጣ። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዶቹ ኩባንያ ኤችቪኤ እዚሁ አጠገባችን ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር ደግሞ በየወሩ ደመወዝ የሚቆጥር ሠራተኛ ተጨመረ። ወደ አሰላ የሚወጣውና ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መኪናም የሚለያየው እዚሁ ነው፤ ጎሚስታው የበዛው በከንቱ አይደለም። አዲሱ ባቡር ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። መንገደኛው በእግሩ ወደ ሱቆቹ የሚገባበት ዘመን አልፏል፣ አሁን ትንሹን ሱቅ ደግፈን የያዝነው እኛ ነዋሪዎቹ ብቻ ነን።

ልብስ ሰፊውን አገኘኋቸው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምባት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ የእግር ሲንጀራቸውን ይረግጣሉ። ከጀርባቸው ጊዜው ያለፈ ካላንደር፣ ከሱ ሥር «ዱቤ ዱብ ያደርጋል» የሚል ጽሑፍ፣ ከሱ ሥር የቴሌብር ቁጥራቸው። ሱሪዬን ገልብጠው አዩት። «ማሽን ሰፍቶት ነው እንጂ ሰው ቢሰፋው እንዲህ አይተረተርም» አሉ። ስሙ ወደ አዳማ ከተመለሰ ከ20 ዓመት በላይ ቢሆንም እሳቸው ዛሬም ናዝሬት ነው የሚሉት። ጋሼ፣ ከዋናው መንገድ ለምን ወጡ ስላቸው ቀና እንኳ አላሉም። «ባለ ሕንፃው የሦስት ዓመት ኪራይ ቅድሚያ አምጣ አለኝ፤ የሦስት ወር ቢለኝም አልነበረኝም።»

ነገሩ ይሄ ነው። ባለ ሕንፃውን ክፉ ነው ማለት አልፈልግም። ሕንፃውን በብድር ነው የሠራው፣ ዕዳ አለበት። ባንክ ይመጣና የዓመታት ኪራይ በአንድ ቼክ ይሰጠዋል። ልብስ ሰፊ ደግሞ በወር በወር፣ ያውም አንዳንዴ አምስት ቀን አሳልፎ። እኔም ባለ ሕንፃ ብሆን ማንን እንደምመርጥ አውቃለሁ። አገሪቱ ውስጥ ከ30 በላይ ባንክ አለ፣ ሁሉም ደግሞ የሚፈልገው ምድር ቤቱንና ማዕዘኑን ነው። የሚገርመኝ ግን ይሄን ሁሉ ቅርንጫፍ የሚከፍቱት እኛ ብሩን በስልካችን ማስተላለፍ በለመድንበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ለመኖሪያ ቤት ተከራይ አዋጅ ወጥቶለታል፣ 1320/2016። ያ ሕግ ሱቅን አይመለከትም። ቤትህ ውስጥ ትንሽ ከለላ አለህ፣ እንጀራህን የምታበስልበት ሱቅ ውስጥ ግን የለህም።

በኮሪደር ልማት የተሠራውን የእግረኛ መንገድ ወድጄዋለሁ፤ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። አዳማ ሙቀቱ ሲበርድ ወክ የሚበላባት ከተማ ናት፣ ድንጋይ ሳይመታህ መራመድ ትልቅ ነገር ነው። ግን ማታ ውጡና እዩ። ባንኩ ይዘጋል፣ ሰው የለው፣ ወንበር ላይ ጋቢ የደረበ ጥበቃ ብቻ። ቀጥሎ ሌላ ባንክ፣ ሌላ ጋቢ። መንገዱን ማታ የሚያበራው እስከ ሦስት ሰዓት የሚያመሸው ዳቦ ቤትና ማንጎ የምትከምረው ልጅ ናት። የምንራመድበትን ሠርተን የምንቆምበትን ካጠፋን ምን ዓይነት ወክ ነው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከተማው ለአዲስ ሕንፃ ፈቃድ ሲሰጥ ከምድር ቤቱ ላይ ሦስት በሦስት የሆኑ ጥቂት ክፍሎች ለአነስተኛ ነጋዴ እንዲተዉ ያስገድድ፣ ኪራዩም በወር የሚከፈል ይሁን። ባንኩ አንደኛ ፎቅ ይውጣ። ሊፍት አለው፣ ገንዘብም አለው። «ባለሀብት ይሸሻል» የሚለኝ አይጠፋም፤ ለሁለት ጠባብ ክፍል ብሎ አዳማን የሚተው ባለሀብት ካለ በደህና ይግባ።

ልብስ ሰፊው ሱሪውን ቅዳሜ ውሰድ አሉኝ። ከዚያ ከካላንደሩ ጥግ ቀደዱና ስልክ ጻፉልኝ። ቦታውን አውቄዋለሁ እኮ፣ ለምን አስፈለገ ስላቸው «እስከ ቅዳሜ እዚህ ከሆንኩ ጥሩ፣ ካልሆንኩ ደውል» አሉና ፔዳሉን መርገጥ ቀጠሉ።