አበል አለው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ

ወገኖቼ፣ የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው አንጀት የሚያርስ ነገር አይደለም። ባለፈው ወር የጤና ባለሙያዎች ማኅበራችን ቅርንጫፍ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ነበር። ጥሪው ከሁለት ሳምንት በፊት በቴሌግራም ተለቀቀ፣ በየጤና ጣቢያው ደብዳቤ ተበተነ፣ እኔም ከሠላሳ ለማያንሱ ባልደረቦቼ ደወልኩ። አብዛኞቹ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «አበል አለው?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ አካባቢ በተዋስነው አዳራሽ 80 ወንበር ደርድረን እስከ 5 ሰዓት ጠበቅን። የመጣው 13 ሰው ነው። «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ብለን ቃለ ጉባኤ ጻፍን፣ ወንበሩን መልሰን ቆለልን፣ ተበተንን።

በማግስቱ እሑድ የሰፈራችን ዕድር ተሰበሰበ። ድንኳኑ ሞልቶ መቀመጫ ያጣው ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጸሐፊው ያንን ጠርዙ የተበላ መዝገብ ገልጦ ስም ሲጠራ፣ «ቅዳሜ አይመቸኝም» ብሎኝ የነበረው ባልደረባዬ ከኋላ «አቤት!» አለ። ዕድር ላይ የቀረ ይቀጣላ! ደጋግሞ የቀረም ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ደግሞ የቀብር ቀን ማን ይቆምለታል?

እንግዲህ መደራጀት አናውቅበትም የሚለኝ ሰው አይምጣብኝ። ሰንበቴውን፣ ጽዋውን፣ ዕቁቡን ያቆምነው እኛው ነን። ዳኛ መምረጥ፣ ገንዘብ ያዥ መርምሮ ማውረድ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ሞታችንን የሚሰበስብ ማኅበር እናከብራለን፤ እንጀራችንን የሚጠብቀውን ማኅበር ግን ሜዳ ላይ ጥለነዋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲዘገይ፣ ባልደረባችን በሥራ ላይ ሳለ ሲደበደብ፣ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ «ማኅበሩ የት አለ?» ትላላችሁ። ማኅበሩማ 80 ወንበር ደርድሮ ሲጠብቃችሁ ነበር።

ይህ በጎንደር መሆኑ የበለጠ ያንገበግበኛል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ የደምቢያን ሜዳ አጭዶ ሺዎችን በጨረሰ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው እዚሁ ነው። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሱ፣ ሳኒታሪያኑ በቡድን ተመድበው ወደየጠቅላይ ግዛቱ የወጡት ከዚህች ከተማ ነው። ለአገሩ በሙሉ የጤና ባለሙያ ያፈራች ከተማ ለራሷ ማኅበር አንድ አዳራሽ መሙላት አቃታት።

ከእኛ በፊት የነበሩት ጥቂት ነበሩ፤ ግን ተሰበሰቡ። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1961 ሲቋቋም በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር። ማኅበሩ በዓመቱ የሕክምና መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ መጽሔቱ እስከ ዛሬ አለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበርም አስቡ። የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ዓመታት ሲወተውቱ ቆይተው፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ፤ የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ ያንኑ ተከተለ። በዚህ በእኛ አካባቢ ሴት ልጅ ከትምህርት ገበታ ተነሥታ ስትዳር ላየ ሰው፣ ያ ማኅበር ምን እንደሠራለት መንገር አያስፈልግም።

እኛ ግን ምን መለስንላቸው? በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በሴቶች እኩልነት፣ በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ሕጉ ክፉ ነበር፣ አልሸሽገውም። ቢሆንም ቀሪውን 90 በመቶ ከአገራችሁ ሰው አምጡ ሲባሉ፣ ከአገራቸው ሰው ማን እጁን ዘረጋላቸው? የእኔም እጅ አልተዘረጋም። ያንን ገደብ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 አነሣው፤ እኛም «እፎይ፣ ፈረንጅ ይከፍላል» ብለን ተኛን። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ርዳታ በድንገት ሲቆም ስንት ፕሮጀክት እንደተዘጋ፣ ስንት ወጣት ከሥራ እንደተበተነ በዓይናችሁ አይታችኋል። ሁለት ጊዜ ተመታን፣ ሁለት ጊዜም የተመታነው በአንድ በኩል ነው።

ባለፈው ክረምት የእኅቴን ልጅ አዘዞ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ምጥ ያዛት። ዝናቡ ያወርደዋል፣ ባጃጅ የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደረሰ፤ ሾፌሩ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ ቃሬዛውን ከእኛ ጋር ተሸከመ። ልጁ በሰላም ተወለደ። በማግስቱ ገንፎው ተሠርቶ ቤቱ እልል ሲል «ከመካከላችን የቀይ መስቀል አባል ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድም አልነበረም። የጣሊያን ወረራ ሊጀምር ወራት ሲቀሩት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ የቆመውም በአባላትና በበጎ ፈቃደኞች ጫንቃ ነው። የአባልነት መዋጮው ለክርስትናው ከገዛነው ለስላሳ ይበልጣል ብላችሁ ነው?

የቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች፣ የሆቴል ባለቤቶች፣ እናንተንም አልተዋችሁም። የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ትዝ የሚላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ስትፈልጉ ነው። ምክር ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 341/1995 ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ፣ ተከራካሪዎች ከፈለጉ በንግድ የተጣሉትን በግልግል መዳኘት ነው። እናንተ ግን በአንድ መኪና ጤፍ ዋጋ ተጣልታችሁ ፍርድ ቤት ደጅ ዓመት ትቀመጣላችሁ።

መሪዎቹንም ዝም ብዬ አላልፍም፤ አንዱ እኔ ነኝና። ማኅተም በኪሱ፣ ባነር በቢሮው ይዞ ዓመት እስከ ዓመት አባላቱን የማይሰበስብ ማኅበር ሞልቷል። ሥልጠና ሲመጣ ስም ዝርዝሩ በጓደኛና በጋብቻ ይሞላል። አባሉ «አበል አለው?» ማለትን ከማን ተማረ? አበሉን ለራሱ ካደረገው መሪ ነዋ! ያው አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት እንዲያቀርቡ፣ የአስተዳደር ወጪያቸውም ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል። ሪፖርቱን ጠይቁ። «የበሉት ይበሉት» ብላችሁ ቤታችሁ ስትቀመጡ የምትቀጡት ሌባውን አይደለም፤ ለሌባው በሩን እየለቀቃችሁለት ነው።

ጉባኤያችን ለሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ እንደገና ተጠርቷል። በደንባችን መሠረት በሁለተኛው ጥሪ የመጣው ሰው ብዛቱ ስንትም ቢሆን ይወስናል። 13 ሰው መዋጯችሁን ይተምን፣ ወኪላችሁን ይምረጥ ትላላችሁ? እኔ አልፈልግም። ኑና ተሟገቱን፣ ካልሠራን አውርዱን። የሁለቱ ዓመት ሒሳብ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል፤ አንብባችሁ እንድትገቡ በሩ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።